አንድ ስልክ ለሁለት ራስ

ቤታችን ውስጥ ደህና የሚባል ስልክ አንድ ነው። የእኔ ነው ይባላል። ቀን ቀን አብሮኝ ቢሮ ይውላል፤ ማታ ግን ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ከእጄ ይወሰዳል። ትልቁ ልጄ ይይዘዋል። ትንሿ ትከሻው ላይ ትንጠለጠላለች። አባቴ ደግሞ መነጽሩን ፍለጋ ይነሳል። ከዚያ ሦስቱም አንዲት ስክሪን ላይ ያቀረቅራሉ። ራት እስኪቀርብ እኔን የሚፈልግ ሰው የለም።

ይህን ባየች ቁጥር ከንፈሯን የምትመጥ አንዲት ጎረቤት አለችኝ። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ እነዚህን ልጆች በስልክ ጨረስሻቸው!» ትለኛለች። እሷ ቤት ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት የቱርክ ድራማ ያሳያል። ይህን አንስቼባት አላውቅም። ቡናዋ ጥሩ ነው።

ወቀሳዋ ግን የእሷ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ስክሪን ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ልጁ ሱዶኩ የሚባለውን የቁጥር እንቆቅልሽ ቢሞላ፣ ቲክቶክ ቢያይ፣ መኪና ቢነዳ፣ ሰው ቢተኩስ፣ በር ላይ ቆሞ ለሚያየው ያው ስልክ ላይ የተደፋ ልጅ ነው። እኔ አጠገቡ ስለምቀመጥ ልዩነቱን አየዋለሁ። ቲክቶክ ሲያይ ቢጠሩት አይሰማም። እንቆቅልሽ ሲፈታ ግን አፉ አያርፍም። «ቆይ ቆይ፣ እዚህ ጋ ሰባት አይገባም። ለምን አይገባም? አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ!» ይላል። እህቱ ጣቷን ትሰነዝራለች። እጇን ይመታዋል። ትጮሃለች። ጫጫታው ያሰለቻል፤ ግን ሰው ያለበት ጫጫታ ነው።

ስለዚህ የራሴን መለኪያ አወጣሁ። ጨዋታው ልጁን አጠገቡ ካለው ሰው ያርቀዋል ወይስ ያስጠጋዋል? አንድን ስልክ ሁለት ራስ ሊያስብበት የሚችል ጨዋታ ከሆነ ቤቴ ይገባል። ስንት ደቂቃ የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ደግሞስ ለእንቆቅልሽ እንግዳ ነን እንዴ? በልጅነቴ መብራት ሲጠፋ (ጎንደር ላይ መብራት መጥፋቱ ዛሬም ወሬ አይደለም) አያቴ «እንቆቅልሽ» ትለኛለች። «ምን አውቅልሽ» እላለሁ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ወንዝ መሆኑን ካወቅኩ አወቅኩ። ካላወቅኩ አገር መስጠት ግዴታ ነው። ሌላ ቦታ ያደጉ ጓደኞቼ ጎንደርን ሰጥተው ይገላገሉ እንደነበር ነግረውኛል። እኛ ጎንደርን መስጠት ያንገበግበን ነበር። አዲስ አበባን እንሰጣለን፣ ደሴን እንሰጣለን። ባሕር ዳርማ ስንቴ ከእጃችን እንደወጣች። አያቴ ግን ተንኮለኛ ናት፤ «ጎንደርን ካልሰጣችሁኝ መልሱን አልናገርም» ትለናለች። በመጨረሻ እንሰጣታለን። እሷም ጎንደር ገብታ፣ ፋሲል ግንብ ላይ ተቀምጣ፣ የበላችውንና የጠጣችውን ዘርዝራ ስታበቃ መልሱን ትነግረናለች።

ከሁሉ የሚቆጨኝ አንዳንዴ ጭራሽ አለመንገሯ ነበር። «እደሩበት» ትለናለች። ተኝተን እናድርበታለን። ጠዋት ውሃ ስንቀዳ፣ ትምህርት ቤት ስንሄድ አብሮን ይዞራል። ዛሬ ስልክ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ጨዋታዎች ፍንጭ የሚሰጥ ቁልፍ አላቸው። ልጄ ያንን ቁልፍ አንድ ሌሊት ሳያድርበት እንዳይነካ የከለከልኩት ከአያቴ ተምሬ ነው። ታዲያ ሁልጊዜ ይታዘዛል ብላችሁ አታስቡ።

ገበጣም ነበረ። መሬት ላይ ጉድጓድ ይማሳል፣ ጠጠር ይለቀማል፣ በቃ። አባቴ ደግሞ ሰንጠረዥ ያውቃል። የጥንቱ የእኛ ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ መጀመሪያ ላይ ተራ አይጠበቅም። ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ወታደር እስኪበላ ድረስ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሠራዊቱን ያሰልፋል። ልጄ ሊቼስ የሚባለውን የቼዝ መድረክ ከጓደኛው ተምሮ ሲያሳየው አባቴ የመጀመሪያ አስተያየቱ «ይሄ ምን ጦርነት ነው፣ ተራ ይጠብቃል እንዴ ጠላት?» የሚል ነበር። አሁን ከልጄ ይልቅ እሱ ነው የሚከፍተው።

ሊቼስን ሳነሳ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ2010 ቲቦ ዱፕሌሲ የሚባል ፈረንሳዊ ፕሮግራመር የጀመረው ነው። ነፃ ነው። ማስታወቂያ የለውም። ከጨዋታው ጎን «ይሄን ፍታ» ብሎ የሚያቀርባቸው እንቆቅልሾች ሰዎች በእውነት ከተጫወቷቸው ግጥሚያዎች የተወሰዱ ናቸው። የሆነ አገር ያለ ሰው ሳያየው ያለፈውን ብልሃት እናንተ ጎንደር ተቀምጣችሁ ታገኙታላችሁ። አባቴን የማረከው ይህ ነው። «ይሄ ሰውዬ እኮ ፈረሱን እዚህ ቢያመጣው ኖሮ አልቆለት ነበር» እያለ ለማያውቀው ሰው ይቆጫል።

ሱዶኩ ቤታችን የገባው በሌላ መንገድ ነው። ልጄ ሒሳብ ሲባል የሚደበቅ ልጅ ነበር። ሱዶኩ ቁጥር ስላለበት መጀመሪያ አልነካም አለ። እውነቱን ስንነጋገር ግን ሱዶኩ ሒሳብ የለበትም። አይደመርም፣ አይቀነስም። ከ1 እስከ 9 ባሉት ቁጥሮች ፋንታ ከሀ እስከ ቀ ያሉትን ፊደላት ብታስገቡ ልክ ዘጠኝ ናቸው፤ ጨዋታው ያው ይሆናል። 81 ሳጥን አለ፤ ጥቂቶቹ ተሞልተው ይሰጣሉ፣ የቀሩትን እናንተ ትሞላላችሁ። በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ዓምድ፣ በአንዷ ባለ ዘጠኝ ሳጥን ትንሽ ካሬ ውስጥ አንድ ቁጥር ሁለቴ አይገባም። ሕጉ ይኼው ነው።

ስሙ ጃፓንኛ ስለሆነ የጃፓን ፈጠራ ይመስላል። ሀዋርድ ጋርንስ የሚባል ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው የፈጠረው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ጃፓኖች በ1984 አንስተው ስም አወጡለት። ጋርንስ በ1989 ሞተ፤ ዓለም በሱ ፈጠራ ሲያብድ አላየም። 1979 ደግሞ የእኛ ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረበት ዓመት ነው። ሁለቱ ምንም አይገናኙም። ለልጆቹ ስነግራቸው ግን ደስ አላቸው፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

አባቴ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። ዳዊት ደግሟል፣ ቅኔ ቤት ገብቷል፣ በኋላ ነው የመንግሥት ሥራ የያዘው። ሱዶኩ ላይ አንድ ነገር ብቻ አይወድም፤ ግምት። ልጄ ባዶ ሳጥን ላይ 4 ሲከት «ለምን?» ይለዋል። «ይሆናል ብዬ ነው» ካለው ያስጠፋዋል። «ምክንያቱን ሳትነግረኝ አትሙላ።» ልጁ ይበሳጫል። ግን ጥቂት ቆይቶ «እዚህ ረድፍ 4 የለም፣ በዚህ ዓምድ ደግሞ ሌላ ቦታ አይገባም፣ ስለዚህ እዚህ ነው» ማለት ጀመረ። አባቴ ቅኔ ቤት ውስጥ መምህሩ እንዲሁ ያፋጥጡት ነበር ይላል። እኔ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ልጁ «ይህን ገና አላውቅም» ብሎ ሳጥን ባዶ መተው ለመደ። ክፍል ውስጥ ግን አላውቅም ማለት ያሳፍረዋል።

አንድ ቀን «ትንሹ ስንት ቁጥር ተሰጥቶን ነው መፍታት የሚቻለው?» ብሎ ጠየቀኝ። ፈልገን አገኘነው። 17 ነው። በ16 ቁጥር አንድ መልስ ብቻ ያለው ሱዶኩ የለም። ይህን እ.ኤ.አ. በ2012 በኮምፒውተር ኃይል ያረጋገጠው ጋሪ ማክጓየር የሚባል የደብሊን የሒሳብ ሊቅ ነው። ለልጄ ትልቁ ዜና ሰው ይህን ሥራ ብሎ መያዙ ነበር። «ደመወዝ ይከፈለዋል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዝም ብሎ አሰበ።

አሁን ደግሞ ቤቴ ስለማላስገባቸው። የእንቆቅልሽ መልክ ያላቸው ነገር ግን ኪሳችሁን የሚያዩ ጌሞች አሉ። ከረሜላ የሚያጋጥሙበት ዓይነት ታውቃላችሁ። 5 ነፍስ ይሰጣችኋል። ስትሸነፉ አንዷ ትወሰዳለች። አዲስ ነፍስ በ30 ደቂቃ አንዴ ይመጣል። መጠበቅ ካቃታችሁ ግዙ ይላችኋል። ደረጃው በሺዎች ይቆጠራል፤ ጨረስኩ የሚባል ነገር የለም። ብታስቡም ባታስቡም አንዳንዱን ደረጃ ዕድል ካልረዳችሁ አታልፉትም። ቀለሙ ያምራል፣ ድምፁ ያምራል፤ ልጄ ግን ከዚያ ላይ ሲነሳ ፊቱ ይከብዳል። ከሱዶኩ ሲነሳ ይርበዋል። ሳይንስ ነው አልልም። የእናት ዓይን ነው።

ሁለተኛው ጠላቴ ማስታወቂያ ነው። ነፃ ብሎ የሚጀምር ጌም አንድ እንቆቅልሽ ስትፈቱ የቪዲዮ ማስታወቂያ ያስከትላል። ያ ቪዲዮ የገዛሁትን ፓኬጅ ይበላል። ይሄ አንድ ነገር ነው። አንድ ማታ ግን ልጄ ሱዶኩ ጨርሶ የቤቲንግ ማስታወቂያ ወጣለት። ኳስ፣ ብር፣ የሚስቅ ወጣት። ከተማችን ውስጥ በቤቲንግ ደጃፍ ወረቀት ጨብጠው የሚቆሙ ልጆችን ማየት የለመደ ሰው ይህ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ይኸው ነው፤ ጌም ከመከፈቱ በፊት ዳታ ይጠፋል። ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ከሆነ ምክንያቱ ይመረመራል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ማስታወቂያ ነው።

ይህን ብልሃት ወደን አልተማርነውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ፣ ስልክ ላይ የቀረው አስቀድሞ የተጫነው ብቻ ነበር። ምሽት ላይ ደጅ አይወጣም። ቲክቶክ የለም፣ ዩቲዩብ የለም። ያኔ የትኛው ጌም ጌም እንደሆነ ታወቀ። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ አላወራም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ጨዋታው ጭንቅላቱን ስል ያደርገዋል?» ወላጅ ሆኖ ይህን የማይመኝ የለም። መልሴ ሰውን ቅር ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ6 ሳምንት የአእምሮ ማሠልጠኛ ጨዋታ አጫውቶ ነበር። ሰዎቹ በተጫወቱት ጨዋታ ጎበዙ። ከጨዋታው ውጪ ግን ያ ጉብዝና አብሯቸው አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ሉሞሲቲ የሚባለውን የአእምሮ ጨዋታ ድርጅት ከማስረጃ በላይ ቃል ገብተሃል ብሎ 2 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ስለዚህ ሱዶኩ የሚሞላ ልጅ በሱዶኩ ይጎብዛል። ለማትሪክ ግን መጽሐፉን ማንበብ አለበት።

በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የቺካጎ ጥናት ከ2 እስከ 4 ዓመታቸው ሥዕል እየገጣጠሙ የተጫወቱ ሕፃናት በ4 ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው ቅርፅን በሐሳብ ማዞር ላይ ከሌሎቹ እንደሚሻሉ አይቷል። ይህም ቢሆን ጨዋታው ነው ያመጣው ብሎ ለመማል አይበቃም። እኔን ግን ነገሩ ብዙም አያስጨንቀኝም። ገና ሲደርስ ገና የሚጫወቱትን ልጆች «ይሄ ነገር ለፈተና ይጠቅማችኋል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጨዋታ ስለሆነ ይጫወቱታል። ስልክ ላይ ሲሆን ነው ጥቅሙን ቁጠሩ የምንባለው።

ስለ መገጣጠም ካነሳሁ አይቀር። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የሚባል ካርታ ሠሪ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ እየቆራረጠ ለልጆች ጂኦግራፊ ማስተማሪያ ይሸጥ ነበር። የዛሬው አፕ የራሳችሁን ፎቶ ይቆራርጥላችኋል። ትንሿ ልጄ መጀመሪያ የሰጠችው የፋሲልን ግንብ ነበር። አራቱን የማዕዘን ማማዎች ቶሎ ገጠመች፤ ከዚያ ድንጋዩና ሰማዩ ቀረ። ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ። ተወችው።

ቀጥላ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ አመጣች። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች፣ ረድፍ በረድፍ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴን ሰብሬ አይቼዋለሁ፤ ሁሉም አንድ ይመስለኝ ነበር። ፎቶው ሲቆራረጥ ግን አንድ ዓይን ብቻ ያለበት ቁራጭ እጃችሁ ላይ ይቀራል። የማን ዓይን ነው? ያን ጊዜ ነው ልዩነቱ የሚታየው። አንዱ ወደ ግራ ያያል፣ ሌላው ወደ ቀኝ። የአንዱ ቅንድብ ከሌላው ይለያል። ልጄ አንዱን «የተቆጣው» አለችው፣ አንዱን «እንቅልፋሙ»። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እውነተኛውን «እንቅልፋም» ለማግኘት ጣሪያው ላይ አፍጥጣ ቆመች። አላገኘችውም። የተቆጡ ግን ብዙ አገኘች። አንድ አባት «ምን ጠፋብሽ ልጄ?» ብለው ጠየቋት፤ አፍራ ቀሚሴ ውስጥ ገባች።

አሁን ወደ እውነተኛው የቤታችን ጦርነት ልምጣ።

ወንድሜ ያለው ውጭ አገር ነው። በቴሌግራም ጠዋት ጠዋት አረንጓዴና ቢጫ ካሬዎች ይልክልኛል። ወርድል ነው። ጆሽ ዋርድል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2021 ጥቅምት አካባቢ ለሁሉ ክፍት ያደረገው ጨዋታ ነው፤ በ2022 ጥር ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛው። በቀን አንድ የሚገመት ቃል ብቻ። አምስት ፊደል፣ ስድስት ሙከራ። ፊደሉም ቦታውም ትክክል ከሆነ አረንጓዴ፣ ፊደሉ ኖሮ ቦታው ከተሳሳተ ቢጫ። ካለቀ አለቀ፤ እስከ ነገ። ይህን «እስከ ነገ» የሚለውን በጣም እወድለታለሁ።

ልጆቹም መጫወት ፈለጉ። ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ትንሿ ገና ነች። «በአማርኛ በደብተር እንሥራው» አልን። ቀላል መስሎን ነበር።

እንግሊዝኛ 26 ፊደል ነው ያለው። የእኛ 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። በ26 ፊደል የሚሠራው ሕግ በ231 አይሠራም። ስትገምቱ ሁሉም ጥቁር፣ ማለትም «የለም»፣ ይሆናል። የመጀመሪያው ማታ ማንም ምንም ሳይፈታ፣ ተኮራርፈን ተኛን።

መፍትሔውን ያመጣው ልጄ ነው። ሦስተኛ ቀለም። ቤቱ ትክክል ሆኖ ዘሩ ከተሳሳተ፣ ለምሳሌ መልሱ ላ ሆኖ ል ካላችሁ፣ ሰማያዊ ይቀባል። ቃሉ ሦስት ፊደል እንዲሆንም ተስማማን። እስቲ እዩት። መልሱ «ሰላም» ነው። ትንሿ «ስልክ» ብላ ጀመረች። ስ ሰማያዊ፣ ል ሰማያዊ፣ ክ ጥቁር። አሁን የሰ ቤትና የለ ቤት እንዳሉ ታውቃለች፤ የትኛው ልጅ እንደሆነ ግን አታውቅም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፊደል ገበታ ሥር ሄዳ ጣቷን ከሰ ወደ ሱ፣ ከሱ ወደ ሲ እየጎተተች ታጉረመርማለች። ከዚያ ዞራ «ሰላጣ!» አለች። ሰ አረንጓዴ፣ ላ አረንጓዴ፣ ጣ ጥቁር። ቀጥላ «ሰላሳ»። ይሄም አይደለም። ሰላም ከሰላጣ በኋላ ነው የመጣችላት፤ ራት ስላልበላን ይሆናል።

ልጅቷ ሀሁን በዜማ ትወጣው ነበር፤ መሃል ላይ አስቁማችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ካላችኋት ግን ከመጀመሪያው መነሳት ነበረባት። አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በስልክ ይሁን በደብተር ለውጥ የለውም። ግን ሐሳቡ የመጣው ከስልክ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም።

ሰላሙ የደፈረሰው አባቴ ቃል ማውጣት ሲጀምር ነው። ሦስት ፊደል ያዘ። ልጄ ሁለተኛ ሙከራው ላይ «ንጉስ» ብሎ ጻፈ። አባቴ ን አረንጓዴ፣ ጉ አረንጓዴ፣ ስ ጥቁር ቀባ። ልጁ ሁሉንም ቃል ሞክሮ ስድስቱ አለቀ። መልሱ «ንጉሥ» ነበር።

ቤቱ ተናጋ። «አባባ፣ አንድ ነው እኮ!» «እንዴት አንድ ይሆናል? ይሄ እሳቱ ሰ ነው፣ ይሄ ንጉሡ ሠ ነው። ስሙ ራሱ ንጉሡ ሠ እየተባለ!» «ስልክ ላይ ሰው ሁሉ በዚህኛው ነው የሚጽፈው።» «ሰው ሁሉ ከተሳሳተ እኔ ምን ላድርግ?» ወደ እኔ ዞሩ። ዳኛ መሆኔ ነው። እኔ ራሴ ሪፖርት ስጽፍ «ሐ»ን ከ«ሀ» የማምታታ ሰው ነኝ። «ወጥ ልይ» ብዬ ወጣሁ።

በስምምነት ደረስን፤ አባቴ ቃል ሲያወጣ በአባቴ ሕግ፣ ልጆቹ ሲያወጡ በልጆቹ ሕግ። አባቴ ግን ልጆቹ ሲያወጡም ያርማቸዋል። ዐይን በዐይኑ ዐ መጻፉን ትንሿ ከሱ ተምራለች። ክፍል ውስጥ እንዲያ ጽፋ ስትመጣ አባቴ ቀኑን ሙሉ ፊቱ በርቶ ዋለ።

ስለ አዋቂ ትንሽ ልበል። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሰኔ ሲመጣ፣ በጀት ሲዘጋ፣ ቀንና ሌሊቱን መለየት ያቅተኛል። ቤት ስገባ ደግሞ የሚያልቅ ሥራ የለም። ልብስ ታጥቦ ይቆሽሻል። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በርሜል ተሞልቶ ይጎድላል። ሁሉም ሲተኛ አንዲት ትንሽ እንቆቅልሽ እከፍታለሁ። ከቀኑ ውስጥ ጨረስኩ ብዬ የምዘጋት ነገር እሷ ብቻ ናት። አስፈላጊነቷ ይኸው ነው። ስለ አእምሮ ጤና ብዙ ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው የምጫወተው። ሁለተኛ ከከፈትኩ እንቅልፌ ይሄዳል። ስለዚህ በቀን አንድ ብቻ የሚሰጡትን እመርጣለሁ።

የማያልቁትን አልወድም ብያለሁ፤ አንድ የማያልቅ ግን ይቅር የምለው አለ። ቴትሪስ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1984 የሠራው። ጡብ ከላይ ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ሁሌም ሰው ነው የሚሸነፈው። እ.ኤ.አ. በ2023 ታኅሣሥ አካባቢ ግን ዊሊስ ጊብሰን የሚባል የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ የድሮውን የኒንቴንዶ ቴትሪስ ተጫውቶ ተጫውቶ ጌሙ ራሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በፊት ሰው እዚያ ደርሶ አያውቅም። ልጄ ይህን ቪዲዮ ደጋግሞ አይቶታል። «እማ፣ ጌሙ ተሸነፈ እኮ!» ልጁ ለዚያ ስንት ሰዓት እንደከፈለ ስነግረው ግን አይሰማኝም።

ሰዓትስ? እሺ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር አለ፤ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ስክሪን ባይኖር ይሻላል፣ ከ2 እስከ 4 ላሉት ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት። ከዚያ በላይ ላሉት እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ብርሃን እያለ ስልክ የለም። ብይ አለ፣ ኳስ አለ፣ የጎረቤት ልጅ አለ። ማታ እስከ ራት። ምግብ ላይ ማንም አይነካውም፤ አባቴም ጭምር። ይህ የመጨረሻው በጣም ከባዱ ነው።

ሰሞኑን ልጄ የእኛን የፊደል ጨዋታ አፕ ላድርገው እያለ ነው። ለዚያ የቃላት ዝርዝር ያስፈልጋል። ደብተር ተይዟል፤ ሦስት ፊደል ያለው ቃል ሁሉ ይጻፍበታል። አባቴ አጣሪ ነው። «ፒዛ» ሁለት ፊደል ስለሆነች ብቻ ያለ ክርክር ወደቀች። ትናንት «ባጃጅ» ላይ ደረሱ።

«ይሄ አማርኛ አይደለም» አለ አባቴ።

«ታዲያ አባባ፣ ዛሬ ከቅዳሜ ገበያ በምን መጡ?»

«በእግሬ።»

«እማ! በባጃጅ አይደል የመጡት?»

ሒሳቡን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ግን ዝም አልኩ። ባጃጅ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታለች፤ አባቴ አጠገቧ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጎባታል። ዛሬ ማታ ደግሞ «ቲማቲም» አራት ፊደል ናት ወይስ አይደለችም ብለው ተጣልተዋል። መቁጠር ነው እኮ የሚጠበቅባቸው።